በብሪስቶል ከተማ ስለ ተወለደው ዝግተኛ የኤሌክትሪክ ሙዚቃና ከመሰሎቹ ስለሚለይበት ምልክት

በዛሬው ዘመን ከወጣቶች ክፍል የሚሰማው ሙዚቃ ኹሉ ፈጣንና ዦሮ የሚያደነቍር አይደለም። ማታ ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ወይም ዕንቅልፍ ሲጠባበቁ፥ ከበሮው እንደ ደከመው መንገደኛ ቀስ እያለ የሚራመድ፥ ወፍራሙ ድምፅ ከወለሉ ሥር የሚወጣ የሚመስል፥ ዘፋኝ ካለበትም እንደ ምስጢር ነጋሪ በዝግታ የሚናገርበት ሙዚቃ ይከፍታሉ። አባትና እናት «ይህ ኹሉ አንድ ነው፤ የሚያስተኛ ነው» ብለው ያልፉታል። ልጆቹ ግን ይህን ቃል ሲሰሙ ይቈጣሉ፤ ይህ ደብ ነው፥ ያኛው ትሪፕ ሆፕ ነው፥ ይህ አምቢየንት ነው፥ ያ ደግሞ ቺል አውት ነው እያሉ ይከራከራሉ። ነገሩ ለጊዜው የልጅ ክርክር ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ ሙዚቃ ዋናው ክፍል የተወለደበትን የእንግሊዝ አገር ወደብ ብሪስቶልን ዞረን በተመለከትን ጊዜ፥ ክርክሩ ስለ ሰዎች ስምና ስለ መጡበት አገር መኾኑን ስላየን፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሎንዶን ከፓዲንግተን ጣቢያ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር፥ ብሪስቶል ከመድረሱ አስቀድሞ ባዝ በምትባለው ከተማ ይቆማል። ቤቶቿ ማር በመሰለ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ኢትዮጵያዊ መንገደኛ በዚህች ከተማ ሳይወርድ ቢያልፍ ነውር ይመስለናል፤ ጠላት አገራችንን በወረረበት ዘመን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሀውስ የተባለው ቤት በዚህ ይገኛልና። ግርማዊነታቸው በ1958 ይህን ቤት ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲኾን ለባዝ ከተማ ሰጥተውታል። ከዚያ ወዲህ ትውልዳቸው ከካሪቢያን ደሴቶች የኾነ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚሰበሰቡበት፥ ራስ ተፈሪያውያንም እንደ ቅዱስ ስፍራ የሚሳለሙት ቤት ኾኗል።

ይህን ማንሣታችን ከነገራችን ለመውጣት አይደለም። ልጆቻችን ከሚሰሙት ዝግተኛ ሙዚቃ አንዱ ሥር ከእነዚሁ ሰዎች አገር ከጃማይካ የመጣ ነው። በ1930 ግርማዊነታቸው ዘውድ በጫኑ ጊዜ ወሬው ከባሕር ማዶ ደርሶ የራስ ተፈሪ እምነት በጃማይካ ድኾች መካከል ተነሣ፤ በ1966 በሚያዝያ ወር ወደ ኪንግስተን በሄዱ ጊዜም የሕዝቡ ብዛት የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቀለቀው። የሬጌን ዜማ ካሳደጉት ዘፋኞች ብዙዎቹ ከዚህ እምነት ወገን ናቸው። ከሬጌም ደብ ተወለደ።

ደብን ከኹሉ ይልቅ ያስፋፋው ኪንግ ተቢ እየተባለ የሚጠራው ኦዝበርን ራዶክ፥ በኪንግስተን ከተማ ሬዲዮንና የድምፅ ማጉያን የሚጠግን ባለሙያ ነበር። በዚያ ዘመን የሬጌ ዘፈን በሸክላ ሲታተም በአንዱ ፊት ዘፋኙ ያለበት፥ በሌላው ፊት ዘፋኙ የወጣለት ይታተም ነበር። ተቢ በዚህ በኹለተኛው ፊት ላይ እንደ ልቡ ሠራበት። ዜማውን ገፎ ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን አስቀረ፤ ከዘፋኙ አፍ አንዲት ቃል ቈርጦ በመሣሪያ የተሠራ የገደል ማሚቶ ውስጥ ወረወራት፤ ቃሊቱም እየራቀች፥ እየደከመች እስክትጠፋ ድረስ ትሰማለች። ጊታሩን ለቅጽበት ብልጭ ያደርግና መልሶ ይዘጋዋል። እንግዲህ ደብን የሚያስታውቀው ዝግታው ሳይኾን ባዶው ስፍራ ነው። ዘፋኙ ነበረ፥ አኹን የለም፥ ጥላው ግን አልሄደም። ቤዙም ዜማውን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ቁም ሣጥን በሚያህሉ ድምፅ ማጉያዎች በሜዳ ላይ ሲሰማ በዦሮ ብቻ ሳይኾን በደረት ይታወቃል። በአነስተኛ መሣሪያ ደብን የሰማ ሰው ደብን ሰማኹ ለማለት አይችልም።

ከባዝ ተነሥቶ ብሪስቶል ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ከተማዪቱ በኮረብታ ላይ የተሠራች፥ ቤቶቿም ቀይና ሰማያዊ፥ ቢጫም እየተቀቡ በተራ የቆሙ ናቸው። የኤቨን ወንዝ በመካከሏ አልፎ ወደ ሰቨርን ባሕር አፍ ይወርዳል። በዚህ አፍ ያለው የባሕር ሙላትና ጉድለት በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ስለ ኾነ፥ ውሃው ሲሸሽ መርከቦች በጭቃ ላይ ተጋድመው ይቀሩ ነበር፤ ስለዚህ በ1809 በከተማው ውስጥ ውሃው የማይሸሽበት በር ያለው ወደብ ተሠራ።

ወደቡ ውብ ነው፤ ታሪኩ ግን መራራ ነው። ከ1698 እስከ 1807 ባለው ዘመን ከብሪስቶል ወደ አፍሪካ ከ2,000 የሚበልጥ የባሪያ ንግድ ጕዞ ተደርጓል፤ ግማሽ ሚሊዮን ያህል አፍሪካውያንም በነዚህ መርከቦች ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ አሜሪካ ተጋዙ። ዛሬ በወደቡ ላይ እግረኛ የሚሻገርበት፥ ቀንድ የመሰሉ ኹለት ትላልቅ ብረቶች የተተከሉበት ድልድይ አለ። የፔሮ ድልድይ ይባላል። ፔሮ ከኔቪስ ደሴት በጌታው ተይዞ ወደዚህ ከተማ የመጣ ባሪያ ነበር፤ ድልድዩም በ1999 ሲመረቅ በስሙ ተሰየመ። በባርነት ለሞተ ሰው ስም መስጠት ለአንዳንዱ አንባቢ ጥቂት ይመስለው ይኾናል፤ በብሪስቶል ግን ስም ትልቅ ነገር መኾኑ ወደ ፊት ይታያል።

ከ1948 ወዲህ ከጃማይካና ከባርቤዶስ ከሌሎችም ደሴቶች ብዙ ሰዎች ለሥራ ወደ እንግሊዝ አገር ሲመጡ፥ ወደ ብሪስቶል የመጡት አብዛኞቹ ሴንት ፖልስ በተባለው ሰፈር ተቀመጡ። የከተማው የአውቶቡስ ኩባንያ ጥቁር ሰው በነጂነትና በቲኬት ቈራጭነት አልቀጥርም ስላለ፥ በ1963 ፖል ስቲቨንሰን ከባልንጀሮቹ ጋራ ሕዝቡን አስተባብሮ በአውቶቡስ እንዳይሳፈር አሳደመ፤ ከአራት ወር በኋላም ኩባንያው ተሸነፈ። ይኹን እንጂ ጭንቁ አላለቀም፤ በ1980 በሚያዝያ ወር መዠመሪያ ፖሊስ በዚሁ ሰፈር አንድ ቡና ቤት በፈተሸ ጊዜ ታላቅ ሁከት ተነሣ። በዚያው ሰፈር ቅዳሜ ማታ በምድር ቤት ውስጥ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ እየተተከለ ሬጌና ደብ ሌሊቱን ኹሉ ይሰማ ነበር። ትሪፕ ሆፕ የተባለውን ሙዚቃ የፈጠሩት ልጆች ዦሮ የተከፈተው በዚህ ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት ዋይልድ በንች የተባሉ ወጣቶች ሸክላዎቻቸውንና ድምፅ ማጉያቸውን ተሸክመው በየቤቱና በየመጋዘኑ፥ በተለይም በፓርክ ሮው መንገድ በነበረው ደግ አውት በተባለ የዳንስ ቤት ያጫውቱ ነበር። ይህ ቤት የሀብታሞችን ሰፈር ክሊፍተንንና ሴንት ፖልስን የሚያገናኝ መካከለኛ ስፍራ ስለ ነበረ ነጭና ጥቁር ተቀላቅሎ ይገባበታል። ከአሜሪካ የመጣውን የሂፕ ሆፕ ከበሮ ከጃማይካ ቤዝ ጋራ አጋቡት፤ የእንግሊዝንም የዝናብ ቀን ኀዘን ጨመሩበት። ከነዚህ ልጆች ሦስቱ ማሲቭ አታክ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ የአንዱ ወላጆች ከባርቤዶስ የመጡ ሲኾኑ የሌላው አባት ኢጣሊያዊ ነው። ብሉ ላይንስ የተባለው የመዠመሪያ ሸክላቸው በ1991 ወጣ። በዚያ ወራት የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ይደረግ ስለ ነበር «አታክ» ማለት ጥቃት ነው ተብሎ፥ አንፊኒሽድ ሲምፓቲ የተባለው ዘፈናቸው ሲታተም ግማሹ ስማቸው ተሠርዞ «ማሲቭ» ብቻ ተባሉ። ጃማይካዊው ሆሬስ አንዲ በዚህ ሸክላ ላይ የዘፈነ ሲኾን ከዚያ በኋላ እስከ 2010 ድረስ ባወጧቸው አራት ሸክላዎችም ላይ ዘፍኗል፤ ስለዚህ የጃማይካው ሥር በሽማግሌው ድምፅ እስከ መጨረሻው ሲሰማ ኖረ።

ትሪፕ ሆፕ የሚለው ስም ግን ከብሪስቶል አልወጣም። በ1994 በሰኔ ወር ሚክስማግ የተባለ የእንግሊዝ የዳንስ ሙዚቃ መጽሔት በዋናነት የካሊፎርንያውን ዲጄ ሻዶውን ሥራ ለመጥራት ያወጣው ነው። ጥቂት ቈይቶ ስሙ በብሪስቶል ሰዎች ላይ ተለጠፈ፤ እነርሱም ጠሉት። እንደኛ አሳብ መጥላታቸው ኵራት አይደለም። በአንድ ስም ከተጠሩ በኋላ ሱቁ ኹሉ በአንድ መደርደሪያ አስቀመጣቸው፤ ከዚያም ለምግብ ቤትና ለፀጕር ማስተካከያ ቤት የሚስማማ ለስላሳ ነገር እየተመረተ በዚያው መደርደሪያ ላይ ተደረደረ። ከምድር ቤትና ከሁከት የወጣው ሙዚቃ ለራት ማጀቢያ ተቈጠረ።

ስሙ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የሚበልጥ ፈተና የለም የምንለውን እንንገር። አሜሪካዊው አይዛክ ሄይስ በ1971 ባወጣው ብላክ ሞዘስ በተባለ ሸክላ ውስጥ «አይክስ ራፕ 2» የሚባል ዘፈን አለ፤ በእርሱም ማሲንቆን የሚያስታውሱ ብዙ ቫዮሊኖች ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከዚህ ዘፈን አንዲቱን ቁራጭ ኹለት የብሪስቶል ወገኖች በአንድ ወቅት ወሰዷት። ፖርቲስሄድ የሚባሉት በ1994 በወጣው ደሚ በተባለው ሸክላቸው «ግሎሪ ቦክስ» ብለው ሠሩባት፤ ትሪኪ የሚባለው ደግሞ በ1995 ማክሲንኬ በተባለው ሸክላው «ሄል ኢዝ ራውንድ ዘ ኮርነር» ብሎ ሠራባት። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ቤቶቹ ግን አይመሳሰሉም።

በፖርቲስሄድ ዘንድ ቤዝ ጊበንስ የምትባለው ዘፋኝ ፊት ለፊት ቆማ ስለ ሴት ልጅ የፍቅር ድካም ትዘፍናለች፤ ጊታሩ እንደሚያለቅስ ሰው ይመልስላታል። ኹሉም ነገር እንደ አሮጌ ሲኒማ ነው። ይህንም አሮጌነት በብልኀት አመጡት፤ ራሳቸው የተጫወቱትን ሙዚቃ በሸክላ አሳትመው፥ ሸክላውን ወለል ላይ ጥለው እስኪጫጫር ድረስ ረጋገጡት፤ ከዚያ እንደ ገና ከእርሱ ቈርጠው ወሰዱ። የሚንጫጫው ድምፅ የዘመን ብዛት ሳይኾን የጫማ ሥራ መኾኑን ስንሰማ ደስ አለን። ደሚ በ1995 መርኩሪ የተባለውን የእንግሊዝ የሙዚቃ ሽልማት አገኘ።

ወደ ትሪኪ ስንመጣ ግን ያው ቫዮሊን የሚያስፈራ ይኾናል። እርሱ አይዘፍንም፤ እንደ ታመመ ሰው በሻከረ ድምፅ ያጕረመርማል፤ ማርቲና ቶፕሊ በርድ የምትባለው ልጅም ከቃሉ በላይ እንደ ጥላ ትከተለዋለች። ትሪኪ ኖል ዌስት በተባለው የድኾች ሰፈር ያደገ፥ በአራት ዓመቱ እናቱን የቀበረ ልጅ ነው። የእናቱ ስም ማክሲን ኬ ይባል ነበር፤ ስሟን አንድ አድርጎ የሸክላው ስም አደረገው። እናቱን በመጥራት የተሠራውን ሥራ በመጽሔት ስም የሚጠሩበትን ሰዎች ቢቀየማቸው ማን ይፈርድበታል?

ከዚህ በኋላ በቤት ውስጥ ለመለየት የሚወድ አንባቢ በምን ይለየው? ብዙ ሰዎች በሰዓት ይቈጥራሉ። የትሪፕ ሆፕ ከበሮ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ70 እስከ 100 ይመታል፤ ይህም ከሰው የደም ሥር አመታት ጋራ የተቀራረበ ነው። ነገር ግን ብዙ የሬጌና የደብ ሥራ በዚያው መካከል ይገኛል፤ ደብስቴፕ የተባለው በደቡብ ሎንዶን ተነሥቶ በብሪስቶል ኹለተኛ ቤት ያገኘው ሙዚቃ ደግሞ 140 ሲቈጠር የሰሚው ራስ ግን በ70 ይነቀነቃል። ስለዚህ ቍጥሩን ትቶ፥ ዝግታው ለምን ተፈለገ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የደብ ዝግታ ለቤዙ ክብደት ስፍራ ለመስጠት ነው። የትሪፕ ሆፕ ዝግታ ግን አንድን ታሪክ የሚናገር ሰው እንዲደመጥ ነው፤ ከበሮው ከአሮጌ ሸክላ ተቈርጦ እየዞረ ይመላለሳል፥ ዘፋኙ ግን እንደ ደብ አይጠፋም፥ ኀዘኑን ይዞ እስከ መጨረሻው ይቈያል።

ከብሪስቶል ውጭ ያሉትም መሰሎቻቸው በዚሁ ጥያቄ ይታወቃሉ። አምቢየንት የሚባለውን በስም ያወጣው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ነው። በ1975 በአደጋ ተጐድቶ ተኝቶ ሳለ አንዲት ወዳጁ የበገና ዓይነት ሙዚቃ ያለበትን የቈየ ሸክላ አምጥታ ከፍታለት ሄደች፤ ድምፁ እጅግ ዝቅ ያለ፥ ከኹለቱ ማጉያዎችም አንዱ የተበላሸ ነበረ። ተነሥቶ ሊያስተካክለው ስላልቻለ ሙዚቃውን ከዝናቡ ድምፅ ጋራ ተቀላቅሎ ሰማው፤ በዚህም ሙዚቃ እንደ ብርሃን ወይም እንደ ዝናብ የክፍሉ አንድ ወገን ሊኾን እንደሚችል አሰበ። በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያ የሚኾን ሸክላ አወጣ። እንግዲህ በአምቢየንት ከበሮ የለም ለማለት ይቻላል፤ መዠመሪያና መጨረሻም የለውም፤ ሰሚው ቢያዳምጠውም ቢተወውም አይቀየምም። ልጅ ሲያጠና የሚከፍተው ይህ ከኾነ ወላጅ ሊከለክለው አይገባም።

ቺል አውት ደግሞ የድካም ልጅ ነው። በ1989 በሎንዶን ሄቨን በተባለው የዳንስ ቤት፥ ሲጨፍሩ የደከሙ ሰዎች የሚያርፉበት ክፍል ተለይቶ አሌክስ ፓተርሰን ለስላሳ ሙዚቃ ያጫውትላቸው ነበር። በእስፓንያ ደሴት በኢቢዛ ደግሞ ካፌ ዴል ማር በተባለው ቤት ሆሴ ፓዲያ ፀሓይ ወደ ባሕር ስትገባ የሚሰማውን ይመርጥ ነበር፤ ከ1994 ዠምሮም ምርጫው በሸክላ ወጣ። በዚህ ሙዚቃ ስጋት የሚባል ነገር አይገኝበትም። የቪየናዎቹ ክሩደርና ዶርፍማይስተር በ1990ዎቹ የሠሩትም ከብሪስቶል ጋራ ይምታታል፤ ከደብ የተማረ፥ ነገር ግን እንደ ከተማቸው ቡና ቤቶች የተወለወለ ነው። ያማረ ነው፤ የሚያሳዝነው ነገር የለም እንጂ።

ወደ ብሪስቶልና ወደ ስም ነገር እንመለስ። የከተማው ትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ከ1867 ዠምሮ በባሪያ ንግድ በከበረው በኤድዋርድ ኮልስተን ስም ይጠራ ነበር። ማሲቭ አታክ ስሙ ካልተለወጠ በተወለድንበት ከተማ በዚህ አዳራሽ አንጫወትም ብለው ብዙ ዘመን እምቢ አሉ። በ2020 ሰኔ 7 ቀን ሕዝብ የኮልስተንን ሐውልት በገመድ ጐትቶ ጣለና እያንከባለለ ወስዶ ወደቡ ውስጥ ከተተው፤ የተጣለበትም ስፍራ ከፔሮ ድልድይ አጠገብ ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም አዳራሹ ብሪስቶል ቢከን ተባለ። ሐውልቱ ከውሃው ወጥቶ በወደቡ ዳር ባለው ቤተ መዘክር ከነተቀባው ቀለም እንደ ወደቀ ተጋድሞ ይታያል። የሙዚቃ መጽሔት ያወጣላቸውን ስም ሊያስፍቁ አልቻሉም፤ የአዳራሹን ስም ግን ተፍቆ አዩት።

ከብሪስቶል ወደ ምዕራብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፖርቲስሄድ የሚባል ትንሽ የባሕር ከተማ አለ። ጄፍ ባሮው ያደገው በዚህ ነው፤ ወጣት ሳለ ማሲቭ አታክ ሲቀርጹ በነበረበት ስቱዲዮ የቴፕ ረዳት ኾኖ ይሠራ ነበር፤ በኋላም ማኅበሩን ሲያቋቁም የአደገበትን ከተማ ስም ሰጠው። የሸክላውን ኀዘን ሰምቶ የሚሄድ መንገደኛ ጭጋግና የፈረሰ ፋብሪካ የሚያገኝ ይመስለዋል። ያለው ግን በነጫጭ ጀልባዎች የተሞላ ወደብ፥ ሽማግሌዎች ውሻ ይዘው የሚሽከረከሩበት ሐይቅ፥ ከባሕሩ ዳርም ሰማይ የሚያየው የመዋኛ ገንዳ ነው። በሄድንበት ቀን ልጆች በገንዳው ውስጥ እየጮኹ ይረጫጩ ነበር፤ አንዲት የሻይ ቤት ሴት ስለ ማኅበሩ ብንጠይቃት «የከተማውን ስም ነው የምትሉኝ ወይስ የልጆቹን?» ብላ መልሳ ጠየቀችን።